አዘጋጅ የሌለው ስብሰባ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሆሳዕና ውስጥ አንድ የሕዝብ መናፈሻ በር ላይ ዘበኛ አስቆመኝ። አብረውኝ አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። አንዲት የሰፈራችን ሴት ከሆስፒታል በሰላም ወጥታልን ደስ ስላለን፣ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን ልንጫወት ነበር የሄድነው። ዘበኛው በጣቱ አንድ በአንድ ቆጠረንና፦

«እትዬ፣ ከአሥር ሰው በላይ ፈቃድ ያስፈልጋል» አለኝ።

«ማነው ያለው?»

ግንቡ ላይ የተለጠፈውን ደንብ አሳየኝ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደሎቹን ሳይቀር አውቃቸዋለሁ፤ «መናፈሻ» የሚለው ላይ ቀለም ያነሰው የማተሚያችን ጥፋት ነው። ሴቶቹ ታሪኩን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። በመጨረሻ ስድስት ስድስት ሆነን ተከፈልንና በአንድ ዛፍ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ዘበኛው መጥቶ አየን፣ ተመልሶ ደንቡን አነበበ፣ ትንሽ አሰበና ተወን።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አሥር የሚለውን ቁጥር ከየት አመጣሁት? ቆይቶ ትዝ አለኝ። ደንቡን ስጽፍ መናፈሻው ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ አምስት ሰው ይይዛል። ከዚያ ያለፈ ሰው ሣሩ ላይ ይቀመጣል ብዬ ነው። ይኸው ነው ምክንያቱ። አሁን ወንበሮቹ በዝተዋል፣ ቁጥሩ ግን እዚያው ነው ያለው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው ለምን እንደሚሰበሰብ ስጠይቅ ኖሬ፣ እኔ ለምን እንደምከለክል ራሴን የጠየቅሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ይህን የምጽፈው ከእነዚያ ጥቂት ጊዜያት አንዱ ስለማይለቀኝ ነው።

ወደ ሆሳዕና ማዘጋጃ ቤት ሥራ የገባሁት በታይፕ ጸሐፊነት ነው። ስለ ደመወዙ ባላነሣ ይሻላል፤ ሰው ያዝንልኛል። በኋላ የመናፈሻና የአደባባይ ቦታዎችን ጉዳይ ወደሚይዘው ክፍል ተዛወርኩ። ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዘጋ ቁም ሣጥንና ጋሽ ሸምሱ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ቀጭንና ረጅም፣ ከነጭ ቆባቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ለመሬት ቀያሾች ገመድ ያዥ ሆነው ሠርተዋል። ከዚያ የቀረላቸው ልማድ ኪሳቸው ውስጥ የሚይዙት ሲባጎ ነው፤ በየእርምጃው ቋጠሮ አለበት። ፈቃድ ፈላጊ ሲመጣ ወረቀት አያወጡም። «እስቲ ተነሣ፣ እግራችንን እናፍታታ» ይሉና ሰውየውን ወደ ሜዳው ይወስዱታል። አብረው ይዞራሉ። ድንኳኑ የት ይቆማል? ሰዉ በየት ይገባል? ሽማግሌዎች የት ይቀመጣሉ? ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጥላው ወዴት ይሄዳል? የድንኳን ካስማ የሚተከልበትን ቦታ በጫማቸው ይመቱታል፤ ከሥሩ የውኃ ቧንቧ ካለ ያውቁታል። ሞንታርቦው ወደ ጤና ጣቢያው ፊቱን እንዳያዞር በሲባጎው ይለካሉ። ቢሮ ተመልሰው ሻይ ከተጠጣ በኋላ ነው ቅጹ የሚወጣው፤ በዚያ ሰዓት ለመሙላት የሚቀረው ነገር ትንሽ ነው።

የሚመጣውን ሰው ብዛት ማንም በትክክል አይናገርም። ጋሽ ሸምሱም ቁጥር ጠይቀው አያምኑም። አንድ ጊዜ አንድ የመዘምራን አስተባባሪ መጣ።

«ስንት ሰው ትጠብቃላችሁ?» አሉት።

«ቢበዛ ሁለት መቶ ነው ጋሼ።»

«ስንት አግዳሚ ተከራያችሁ?»

«ሰማንያ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ማርታ፣ እናንተ ጴንጤዎች ተኝታችሁ ነው እንዴ የምትዘምሩት?»

ሰውየው ራሱ ሳቀ። አራት መቶ ተባለና ሁለተኛው በር እንዲከፈት ተወሰነ። በዕለቱ ልቆጥር ሄጄ ነበር፣ ቁጥሩ ከግምታቸው ብዙ አልራቀም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን በማግስቱ የሚያደርጉት ነው። ስብሰባ በተደረገ ማግስት ጠዋት፣ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ሣሩን ሊያዩ ይሄዳሉ። የተኛውን ሣር እያዩ ሰው የት እንደተጨናነቀ፣ የት እንደሰለቸውና እንደተነሣ፣ ተናጋሪው የማይሰማበት ጥግ የቱ እንደሆነ ይነግሩኛል። «እዚህ ጋ እናቶች ነበሩ» ይሉኛል። «በምን አወቁ?» ስላቸው የሕፃን ብስኩት ፍርፋሪ በጫማቸው ጫፍ ያሳዩኛል። እኔም ተለከፍኩ። እስካሁን ሜዳ ሳይ መጀመሪያ የማየው ሣሩን ነው።

ሕጉንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያውም በአለቃችን ፊት። አለቃችን መከልከል የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ማኅበር ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ደብዳቤ ሲያስገባ «አልተፈቀደም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጋሽ ሸምሱ ከወንበራቸው ሳይነሡ፦

«ይህ ሰው ሊያስፈቅድ አልመጣም፣ ሊያሳውቅ ነው የመጣው» አሉ። «መናፈሻ የእኛ ነው፣ አበባውን የምንጠብቀው እኛ ስለሆንን ፈቃድ እንሰጣለን። ሰልፍና የአደባባይ ስብሰባ ግን በጊዜ ከተነገረን ሰዓቱን ለውጡ፣ ቦታውን ለውጡ ልንል እንችላለን፤ ያውም ምክንያታችንን ጽፈን። አትሰብሰቡ ማለት የእኛ ሥልጣን አይደለም።»

አለቃችን ፊታቸው ቀላ። ደብዳቤው ግን ገቢ ተደርጎ ቁጥር ተሰጠው። እኔ ደግሞ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቼ ለማስረዳት ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሰነፍኩም። በኋላ ሺንሺቾ ከተማ በተመደብኩበት ጊዜ በገበያ ቀን ገበያ ድረስ እየወጣሁ ለሰው አስረዳ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ዶዮገና ከተማ ተዛወርኩ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጉም ሲወርድ መናፈሻውም ለፎቶ የመጡት ሙሽሮችም አይታዩም፤ ፎቶ አንሺው «ወደዚህ ቅረቡ» እያለ የሚጮኸውን ብቻ እሰማለሁ። እዚያ ሳለሁ ነው «የስብሰባው ዓላማ» በሚለው መስመር ሰው የሚጽፈውን በግል ደብተሬ መገልበጥ የጀመርኩት። ለጡረታዬ ያተረፍኩት ይህን ደብተር ነው። አንዱ «ዓላማ፦ የጠፋች ላም» ብሎ ጽፏል። ሰው ሰብስቦ የላሟን መልክ ሊናገር ነበር። ሌላዋ «ባለቤቴ መመለሱን ጎረቤት እንዲያውቅ» ብላ ጽፋለች። ከየት እንደተመለሰ ጠየቅኋት፤ «ከኩርፊያ» አለችኝ። ለሁለቱም ፈቅጃለሁ። ላሟ ተገኘች፣ ባልየውን አላውቅም።

እንግዲህ ያ የማይለቀኝ ነገር ወደሆነበት ከተማ ልምጣ። ከተማዋን ስሟን አልጠራም፣ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። ከከምባታ ከተሞች አንዷ ናት ብል ይበቃል። እኔ ቤቴ ውስጥ የምናገረው ሀድይኛ ነው፤ ከምባትኛ አልሰማም። ከሰው ጋር የምግባባው በአማርኛ ነበር። ክፍሉን በኃላፊነት የያዝኩት እዚያ ነው፣ ሆሳዕና የቀሩት ጋሽ ሸምሱም በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ።

ኃላፊነት ሲመጣ ጉራም አብሮ መጣ። አዲስ ቅጽ አዘጋጀሁ፤ አሥራ አራት መስመር ያለው፣ ቀጥ ያለና የሚያምር። ባለጉዳዩ ገና ከበር ሲገባ ቅጹን እሰጠዋለሁ፤ ሞልቶ ይመልሳል፣ ማኅተም ይመታል። ሜዳ መዞሩን ተውኩት። ጋሽ ሸምሱ በሳምንት አራት ሰው ያስተናግዱ ነበር፣ እኔ በቀን አራት። ወረፋ የለ፣ ሻይ የለ። ሁሉም አመሰገነኝ። ከከተማው ዳር ያለውን፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ዝግባ የቆመበትን ሜዳም አሳጠርኩትና በር፣ ዘበኛና ደንብ ያለው መናፈሻ አደረግሁት። ዘበኛው አቶ በቀለ ይባላሉ፤ የዚያው አገር ሰው ናቸው።

አንድ ጠዋት አቶ በቀለ አስጠሩኝ። በሩ ላይ ስድስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ፊት ያሉት አቶ ኤርጫፎ፣ ምርኩዛቸው ላይ ደገፍ ብለው አጥሩን ያያሉ።

«እንደምን አደሩ አባባ። ለምን ጉዳይ ነው?» አልኳቸው።

«ለእርቅ ነው ልጄ። ዝግባው ሥር ብዙ ሰው ይቀመጣል።»

«መልካም ነው። ቅጹን እንሙላ። አዘጋጁ ማነው?»

«አዘጋጅ የለውም።»

«የጠራው ሰውስ?»

«የጠራውም የለም።»

«ታዲያ እንዴት መጣችሁ?»

«ቀኑ ደርሶ ነው የመጣነው።»

ትዕግሥቴ ሲያልቅ ተሰማኝ። «የእርስዎን ስም ልጻፈው?»

«የእኔን አትጻፊ። የእኔን ከጻፍሽ እርቁ የእኔ ይሆናል።»

«ከሚታረቁት አንዱ ወገን ይፈርማ።»

«የፈረመ ፈላጊ ይሆናል። አንዱ ፈላጊ ከሆነ ሌላው ተለማኝ ነው። እንደዚያ ሆኖ እርቅ የለም ልጄ። ይኼ ነገር ባለቤት የለውም፤ ባለቤት ስለሌለው ነው ሰው የሚመጣበት።»

ቅጹን አየሁት። አራተኛው መስመር ላይ «አዘጋጅ» ይላል፣ ከጎኑ ባዶ ነው። ሰዎቹ ኃላፊነት እየሸሹ መሰለኝ፤ ነገ አጥር ቢሰበር ማንን ልጠይቅ ነው? የጠፋች ላም ዓላማ የሚያጓጓኝ ሴት፣ ያን ጠዋት አንዲት ጥያቄ ጨምሬ «እነማን ናቸው የሚታረቁት? የት ናቸው አሁን?» ማለት አቃተኝ።

«ፊርማ ከሌለ በሩ አይከፈትም አባባ። ደንብ ነው» አልኩ።

እርስ በርሳቸው በከምባትኛ ጥቂት ቃል ተለዋወጡ። አልተቆጡም፣ አልለመኑኝም። ተመልሰው ሄዱ። እኔም በዕለት መዝገቤ ላይ «ቅጽ ባለመሟላቱ ተመልሰዋል» ብዬ ጻፍኩና ወደ ሌላ ሥራ ገባሁ።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን አቶ በቀለ ጋቢያቸውን ለብሰው ለቅሶ ልሄድ ነው ብለው ፈቃድ ጠየቁኝ።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«የአቶ ሄራሞ። ልጃቸውን ከድር የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ገጭቶ የገደለባቸው። እርቁ እንደተመኙት ቀርቶባቸው ሞቱ።»

«ለምን ቀረ?»

«እሳቸው ከድር ለእርቁ ሳይመጣ ቀረ ይሉ ነበር። ከድር ደግሞ አባትየው እምቢ አሉኝ ይላል። ፍርድ ቤቱ ፈርዶበት ቅጣቱን ከጨረሰ ቆየ፤ እርቅ ሳይኖር ግን ወደዚህ ሰፈር አይመለስም፣ ነውር ነው። ቤቱ እንደተዘጋ ነው፤ ሚስትና ልጆቹ ከዘመድ ዘመድ ይዞራሉ።»

«እርቁ መቼ ነበር?»

አቶ በቀለ አቀረቀሩ። «ያኔ ነዋ እትዬ። ሽማግሌዎቹን ከበር የመለስናቸው ቀን።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ቀስ ብለው አስረዱኝ። እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌዎች ዝግባው ሥር ሳይቀመጡ ሁለቱ ወገኖች መተያየት የለባቸውም። ያን ጠዋት የአቶ ሄራሞ ወገን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የከድር ወገን ከድልድዩ ማዶ ሆነው፣ ተጠርተው እስኪገቡ እየጠበቁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ ሁለቱም ሄደው «ዛሬ አልሆነም» ብቻ አሉ። እንቢ ያለው ማን እንደሆነ አይነገርም፤ ልማዱ ነው። ሁለቱም ወገን እንቢ ያለው ያኛው ነው ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ሌላ ቀን ቢለመኑ ሁለቱም አኩርፈው ነበርና ሳይሆን ቀረ።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ሆሳዕና ጋሽ ሸምሱ ቤት ሄድኩ። እርጅና ተጫጭኗቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ቅጹ፣ ስለ አራተኛው መስመር፣ ስለ ሟቹ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሜዳውን አብረሻቸው ዞርሽ?»

«አልዞርኩም ጋሼ።»

ሻይ ቀዱልኝ። እሱን እየጠጣሁ አለቀስኩ።

ሰኞ አቶ ኤርጫፎን ፍለጋ በእግሬ ወጣሁ። እንሰታቸው መሃል ጎንበስ ብለው ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ጥፋቴን ተናገርኩ።

«አባባ፣ ለምን የማዘጋጃ ቤቷ ሴትዮ ነች የመለሰችን አላላችሁም?»

«ብንል ምን ይጠቅማል? የነበረው ቂም አንድ ነው፤ በአንቺም ላይ ሌላ ቂም ይጨመር ነበር» አሉኝ። «ሸክሙን እኛ ያዝነው። አቶ ሄራሞ ይሞታል ብለን አላሰብንም።»

«አሁን ይሆናል?»

«ታላቅ ልጁ ማቴዎስ አለ። ግን ያው ወረቀትሽ ፊርማ ይፈልጋል።»

«እኔ ልፈርም» አልኩ። «አዘጋጅ በሚለው ላይ የእኔ ስም ይግባ።»

ትንሽ አሰቡና፦ «አንቺ የየትኛው ወገን ነሽ?»

«የየትኛውም አይደለሁም።»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አሉ።

ፈቃድ ሰጪ ራሱ አመልካች መሆን አይችልም፤ ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ «ያስጠይቅሻል» አሉኝ። ይጠይቁኝ ብዬ ፈረምኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብዬም ሰዓቱን ሞላሁ።

ከቀኑ በፊት ግን ያን ቅዳሜ ከቤታቸው ስወጣ ጋሽ ሸምሱ የሰጡኝን ሲባጎ ይዤ ከአቶ ኤርጫፎ ጋር ሜዳውን ዞርኩ። ዝግባው ጋ ደርሰው ቆሙና በምርኩዛቸው አመለከቱ። «እነዚህ በዚህ ይገባሉ፤ እነዚያ በዚያ ይገባሉ» አሉ፣ አንዴ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ አንዴ ወደ ድልድዩ። ወደ ድልድዩ በኩል አጥር ነው። በር ያለው በወፍጮ ቤቱ በኩል ብቻ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ በር ሊገቡ ሲሉ ፊት ለፊት ሊገጥሙ ነበር ማለት ነው፣ ሽማግሌ ሳይናገር፣ ይቅርታ ሳይጠየቅ። ያኔ ማኅተሜን መትቼ ብፈቅድላቸው እንኳ አጥሬ እርቁን ያፈርሰው ነበር። ይህ ሲገባኝ በዚያው ሰዓት አቶ በቀለን ጠርቼ ከድልድዩ በኩል ሦስት የአጥር እንጨት አስነቀልኩ። እስካሁን መልሼ አላስተከልኩትም፣ አሁን በር ሆኗል።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ገብተው ዝግባው ሥር ተቀመጡ። የማቴዎስ ወገን በበሩ ገባ፤ የከድር ወገን አጥሩ በተነቀለበት ገባ። ሴቶች ከሽማግሌ ጋር አይቀመጡም፤ ስለዚህ እኔ ከአቶ በቀለ ጋር በሩ አጠገብ ቆምኩ። ንግግሩ በከምባትኛ ስለሆነ ቃሉ አልገባኝም፣ ግን የሰዎቹን አቀማመጥ አያለሁ። መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች ጀርባ ሰጥተው ነበር። ቆይቶ ጎናቸውን ሰጡ። በኋላ ፊታቸውን መለሱ። ከድር ተነሥቶ ወደ መሃል ወጣ፤ ያን ትልቅ ሰውነቱን ይዞ ሲንበረከክ አየሁት። ማቴዎስ አነሣው። ከአንድ የሸክላ ጣባ አብረው ቀመሱ። አንድ ሼህ ዱዓ አደረጉ፣ አንድ ወንጌላዊ ጸለዩ። ሰዓቴን አየሁ፣ ለስድስት አሥር ደቂቃ ይቀራል። ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ኮርቻለሁ።

ሰው መነሣት ሲጀምር ከድር ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ ማርታ፣ ፈቃዱን በስምዎ ያወጡት እርስዎ ነዎት አሉኝ። አላህ ይስጥልኝ» አለ። «ዛሬ ቤቴን እከፍታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያቃጥለኝ። አቶ ሄራሞ ያኔ ባይጨክኑብኝ ኖሮ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸው ነበር።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ዓመት ደብቀውልኛል። እርቁ አልቋል፣ ቤቱ ሊከፈት ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም።

«አልጨከኑብህም» አልኩት። «ሽማግሌዎቹን ከዚህ በር የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀት አልተሞላም ብዬ።»

መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ቀጥሎ ዞር ብሎ ማቴዎስን አየው። «እሱም እኔ የቀረሁ ነው የሚመስለው» አለ። «አባቱም እንደዚያ መስሏቸው ነው የሞቱት።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ዝግባው በከምባትኛ ተጣራ። ከበሩ የወጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተመለሱ። የተነሣው ሁሉ ተቀመጠ።

«ነይ ልጄ» አሉኝ አቶ ኤርጫፎ።

አቶ በቀለ ሰዓታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ፈቃዱ አልቋል። እጄን አወዛወዝኩላቸውና ገባሁ። ማቴዎስ ፊት ቆምኩ።

«አባትህ እንቢ አላሉም። ከድርም አልቀረም። ሁለቱም መጥተው ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። አቶ ኤርጫፎ ወደ ከምባትኛ መለሱት፤ ማቴዎስ አማርኛ ቢሰማም ሁሉም እንዲሰማው ነው።

ማቴዎስ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። «አባቴ ያን ቀን አልሆነም ከተባሉ በኋላም ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው ነበር» አለ። «ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ሲመጣ ቆሜ ልቀበለው ነው አሉ።»

ከድር መሬቱ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

«እኔ በበኩሌ ይቅር ብያለሁ» አለኝ ማቴዎስ በመጨረሻ፣ ቀና ብሎ እያየኝ። «ስለ ከድር አባቴ ሲሞቱ ቃል ትተዋል፤ አንድ ቀን ከመጣ ይቅር በሉት ብለዋል። በእሳቸው ቃል ነው ዛሬ ያነሣሁት። ስለ እርስዎ ግን የተዉት ቃል የለም። አያውቁም ነበር።»

አቶ ኤርጫፎ «እውነቱን ነው» አሉ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የሟቹን ይቅርታ ሊሰጠኝ የሚችል ሰው የለም፤ ከዚያ በላይ ልለምነው የምችለው ነገር አልነበረም።